የክልሉን የአየር ንብረት ማጣጣሚያ ዕቅድ ወደ ደሴና ኮምቦልቻ ማውረድ፦ ከጦሳ ግርጌ እስከ ቦርከና ዳር

የክልል የማጣጣሚያ ዕቅድ (የአየር ንብረት ለውጥን ጉዳት ተቋቁሞ ለመኖር የሚወጣ ዕቅድ) ለሁሉም ከተማ በአንድ ቋንቋ ይጻፋል። «የከተሞችን የጎርፍ ተጋላጭነት መቀነስ» ይላል፤ ደሴም ይህንኑ ትቀዳለች፣ ኮምቦልቻም ትቀዳለች። የሁለቱ ከተሞች ችግር ግን አንድ አይደለም። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር አካባቢ፣ ጦሳ ተራራ ሥር ተለጥፋ ተቀምጣለች። ኮምቦልቻ የሐረጎን ቁልቁለት ወርደው የሚያገኟት፣ 1,850 ሜትር አካባቢ ላይ ያለች ሜዳ ናት። በመኪና 25 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ከፍታው ግን ከ600 ሜትር በላይ ይለያያል። ደሴ ላይ ውሃ ይሮጣል፣ አፈርም ይንሸራተታል። ኮምቦልቻ ላይ ያው ውሃ ይተኛል፣ ደለል ይጥላል፣ ትንኝ ያረባል። የቦርከና ወንዝ ደሴን አቋርጦ ኮምቦልቻን ያልፍና ወደ ጨፋ ሜዳ ይወርዳል፤ ስለዚህ ደሴ ቦይዋን ባሰፋች ቁጥር ጎርፉ ታች የሚደርስበት ሰዓት ያጥራል። ሁለቱ ዕቅዶች ለየብቻ ይጻፉ፤ ከመጽደቃቸው በፊት ግን በአንድ ጠረጴዛ ላይ ይተያዩ።

ከዚህ በታች ያለው ለከተማ ፕላን፣ ለመሠረተ ልማት፣ ለአካባቢ ጥበቃና ለውሃ አገልግሎት ባለሙያዎች የተዘጋጀ ነው። ቀበሌና ቅሬም (የሰፈር ዕድር) ክፍሎቹን መርጠው ሊሠሩባቸው ይችላሉ። አንድ ወንፊት ብቻ ያዙ፦ ማንኛውም የዕቅድ መስመር ቦታ፣ መጠን፣ ወርና የበጀት ኮድ ከሌለው ከሰነዱ ይውጣ። «የኅብረተሰቡን ግንዛቤ ማሳደግ» የሚለው መስመር አብዛኛውን ጊዜ በዚህ ወንፊት አያልፍም፤ አይጸጽታችሁ።

የሰነድ ሥራ፦ ሦስት ቀን ይበቃዋል

በአገር ደረጃ መነሻው በ2004 ዓ.ም. ይፋ የሆነው የአየር ንብረት ለውጥን የማይበገር አረንጓዴ ኢኮኖሚ ስትራቴጂ ነው። ከእሱ ቀጥሎ በ2019 እ.ኤ.አ. የወጣው ብሔራዊ የማጣጣሚያ ዕቅድ አለ፤ 18 የማጣጣሚያ አማራጮችን ይዘረዝራል፣ ከግብርና፣ ከውሃ፣ ከጤናና ከትራንስፖርት ጋር ከተሞችንም እንደ አንድ ዘርፍ ይዟል። የክልሉ ሰነድ ከእነዚህ ይቀዳል። 18ቱንም ወደ ከተማ ለማውረድ አትሞክሩ፤ አራት ወይም አምስቱን መርጣችሁ ሌሎቹን ለምን እንደተዋችሁ በአንድ ገጽ ጻፉ። የክልሉ ገምጋሚ መጀመሪያ የሚጠይቀው እሱን ነው።

ከሁሉም በላይ የሚያስፈልጋችሁ ሰነድ ግን የአየር ንብረት የሚል ቃል ላይኖርበት ይችላል፤ በከተማ ፕላን አዋጅ ቁጥር 574/2000 መሠረት የሚዘጋጀው መዋቅራዊ ፕላን፣ ማለትም የከተማው መሬት ለምን እንደሚውል የሚወስነው ካርታና ሰነድ ነው። የማጣጣሚያ ዕቅድ የሊዝ ጨረታ አያስቆምም፤ መዋቅራዊ ፕላን ያስቆማል። የጎርፍና የናዳ ቀጠናችሁ በመዋቅራዊ ፕላኑ ካርታ ላይ በቀለም ካልገባ፣ የመሬት ባለሙያው ቦታውን «ክፍት ቦታ» ብሎ ያየዋል፣ በሁለተኛው ዓመትም ቤት ይሠራበታል። ስለዚህ የመጀመሪያው ተግባር የፕላን ማሻሻያ ጥያቄ ማስገባት ነው፤ ካርታው ሲያልቅ እንዲገባ ቀኑን ከአሁኑ ያዙ።

የዝናቡ ቁጥር

ኮምቦልቻ ከሚገኘው የሜትሮሎጂ ማዕከል የሁለቱንም ከተሞች የዕለት ዝናብና የሙቀት መረጃ በደብዳቤ ጠይቁ። ቢያንስ 30 ዓመት ይሁን። በ2014 ዓ.ም. ጦርነት ፋይል የጠፋባቸው ቢሮዎች ቅጂ ከአዲስ አበባው ዋና መሥሪያ ቤት ወይም ቀደም ብሎ መረጃውን ለጥናት ከወሰደ ዩኒቨርሲቲ ሊያገኙ ይችላሉ።

መረጃው በእጃችሁ ከገባ በኋላ ሦስት ስሕተቶች ተደጋግመው ይታያሉ። የመጀመሪያው፣ ያልተመዘገበ ቀንን እንደ ዜሮ መቁጠር ነው። ባዶ ሕዋስ በኤክሴል ድምር ውስጥ ሲገባ «ዝናብ የለም» ይሆናል፤ አንድ ሙሉ ሐምሌ ካልተመዘገበ ያ ዓመት በወረቀት ላይ ድርቅ ሆኖ ይወጣል። ከወሩ ከ5 ቀን በላይ የጎደለበትን ወር ከስሌት አውጡት። ሁለተኛው የቀን መቁጠሪያ ነው። የሜትሮሎጂ ሰንጠረዥ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው፣ ዕቅዳችሁ በእኛ፤ ሐምሌ 1 የሚውለው በጁላይ 8 ነው። በልግና ክረምትን ለየብቻ ስትደምሩ ድንበሩን አንዴ ወስኑና ለሁሉም ዓመት ያንኑ ተጠቀሙ።

ሦስተኛው የዓመት ድምር ብቻ ማየት ነው። የወሎ ደጋ በልግም ክረምትም የሚያገኝ አገር ነው፤ ክረምቱ በርትቶ በልጉ ቢጠፋ የዓመቱ ድምር «መደበኛ» ይላል፣ የደሴ ዙሪያ የበልግ ገብስ ግን የለም፣ ገበያውም ይህን ያውቃል። በምትኩ አራት ነገር ቁጠሩ፦ የበልግ ድምር፣ የክረምት ድምር፣ በዓመት ውስጥ ከ25 ሚሊ ሜትር በላይ የዘነበባቸው ቀናት ብዛት፣ ከየካቲት እስከ ግንቦት ያለው ረጅሙ ደረቅ ተከታታይ ቀን። አራቱን በግራፍ አስቀምጡ። አዝማሚያው ግልጽ ካልሆነ «ግልጽ አይደለም» ብላችሁ ጻፉ። የሙቀቱ ነገር ያን ያህል አያከራክርም፤ የኢትዮጵያ አማካይ ሙቀት ከ1960 እስከ 2006 እ.ኤ.አ. ባለው ጊዜ 1.3 ዲግሪ ጨምሯል። ዝናቡ ግን ከዓመት ዓመት በራሱ ስለሚዋዥቅ የ10 ዓመት መረጃ ይዞ «ቀንሷል» ማለት አይቻልም።

ቦታውን በእግር ማየት

ይህ ሥራ መስከረም ላይ ነው የሚሠራው። ክረምቱ ወጥቷል፣ በግድግዳ ላይ የጭቃው መስመር ገና አልጠፋም፣ ስንጥቁ አልተደፈነም፣ ሰውም የረሳው ነገር የለም። ታኅሣሥ ላይ የወጣ ቡድን የሚያገኘው አቧራ ነው። ሦስት ሰው ይበቃል፦ መሐንዲስ፣ የመሬት ባለሙያና ከቅሬው የተወከለ አንድ የአካባቢው ሰው። ስልክ ላይ ያለ ጂፒኤስ፣ 30 ሜትር ሜትሮ፣ ቀለምና የጭቃ መስመር የሚለካበት ቀጥ ያለ እንጨት ይያዝ።

ለአዛውንቶች «ጎርፍ አለ ወይ?» ብላችሁ አትጠይቁ፤ መልሱ ሁሌም «አለ» ነው። «ውሃው እስከ የትኛው ደረጃ ወጣ? ከደጃፍ አለፈ? ከመዓልቱ ወይስ ከሌሊቱ? ለስንት ሰዓት ቆየ?» በሉ። የተጠቆመውን ቁመት ለኩ፣ ቀለም አድርጉ፣ ፎቶ አንሡ። አንድ መንደር ውስጥ አምስት ምልክት ካገኛችሁ የጎርፉን ወለል በካርታ ላይ ማስመር ትችላላችሁ። ይህ መስመር በሳተላይት ምስል ከሚሠራው ካርታ የሚበልጥበት ጊዜ ብዙ ነው፤ ምክንያቱም የደሴ ጎርፍ የወንዝ ብቻ ሳይሆን የተዘጋ ቦይና የጠበበ ቱቦ ጎርፍም ነው፣ ሳተላይቱ ደግሞ ቱቦውን አያየውም።

ቁልቁለቱ፦ ውሃ ማስረግ የማይገባበት ቦታ

ክልሉ በየዓመቱ ጥር ላይ የተፋሰስ ዘመቻ ያውጃል፣ የሚቆፈረውም ውሃ የሚያሰርግ ትሬንች (ረጅም ጉድጓድ) ነው። በእርሻ መሬትና ጠንካራ ዓለት ባለበት ኮረብታ ላይ ትክክል ነው። ከደሴ በላይ ባለው ቁልቁለት በሁሉም ቦታ ትክክል አይደለም። የደሴ አካባቢ የመሬት መንሸራተት የሚነሣው ከተራራው ወርዶ የተከመረ ልል አፈርና የበሰበሰ ባዛልት ውሃ ጠጥቶ ሲከብድ ነው፤ ቦርከናና ገባሮቹ ደግሞ ከታች ግርጌውን ይበሉታል። እንዲህ ባለ መሬት አናት ላይ ትሬንች መቆፈር የሚንሸራተተውን መሬት ማጠጣት ነው።

ስለዚህ መጀመሪያ ቁልቁለቱን በሁለት ክፈሉ። የመንቀሳቀስ ምልክት ያለበትን ቀይ በሉት፦ ያዘነበሉ የመብራት ምሰሶዎች፣ ከግርጌያቸው የታጠፉ ባሕር ዛፎች፣ በግማሽ ጨረቃ ቅርጽ የተሰነጠቀ መሬት፣ ድንገት የደፈረሰ ወይም ቦታ የቀየረ ምንጭ፣ አልዘጋ ያለ በር። ምልክት የሌለበትንና ዓለቱ ቅርብ የሆነውን አረንጓዴ በሉት። አረንጓዴው ላይ ትሬንች፣ እርከንና ችግኝ ይሂድ። ቀዩ ላይ ውሃን ከመሬቱ ማውጣት ነው ሥራው።

በቀዩ ቀጠና ውስጥ በዚህ ቅደም ተከተል ሥሩ። ከስንጥቁ በላይ፣ ጤነኛው መሬት ላይ፣ ከ0.5 እስከ 1 ከመቶ ተዳፋት ያለው የመቁረጫ ቦይ (ከላይ የሚወርደውን ውሃ ተቀብሎ ወደ ጎን የሚያወጣ) ቆፍሩ፤ በድንጋይና በሲሚንቶ ይለበድ። ያልተለበደ የመቁረጫ ቦይ ራሱ ያሰርጋል፣ በሁለተኛው ክረምት አዲሱ ስንጥቅ በቦዩ መስመር ላይ ይወጣል። የቦዩ መጨረሻ ዓለት ወዳለበት ሸለቆ እንጂ የሰው ጓሮ እንዳይሆን እስከ መጨረሻው በእግር ሂዱ። ከዚያ ስንጥቁን በሸክላ አፈር ጠቅጥቃችሁ ድፈኑ፤ ክፍቱን የተተወ ስንጥቅ የዝናብ መግቢያ በር ነው። ቀጥሎ በቀጠናው ውስጥ ያለውን የውሃ ቧንቧ ፍሳሽና የመጸዳጃ ጉድጓድ ቁጠሩ። ቀንና ሌሊት የሚያንጠባጥብ ቧንቧ ከአንድ ቀን ከባድ ዝናብ የበለጠ ሊያጠግብ ይችላል፣ ለመጠገንም ከሁሉ ይቀልላል፤ ግን የውሃ አገልግሎቱ ሥራ ስለሆነ በናዳ ዕቅድ ውስጥ ገብቶ አይታይም።

መንቀሳቀሱን ለማወቅ ስንጥቁን ተሻግረው ሁለት ብረት ችካሎች ይተከሉ፤ በመካከላቸው ያለው ርቀት በየሳምንቱ፣ በሐምሌና ነሐሴ በየቀኑ ይለካ። መዝገቡን የሚይዘው ጎረቤት ይሁን። በሳምንት 1 ሴንቲ ሜትር ከሰፋ ለከተማው ይነገር፤ በቀን 1 ሴንቲ ሜትር ከሆነ ቤቶቹ በዚያው ቀን ይለቀቁ። እነዚህን ሁለት ቁጥሮች ዕቅዱ ውስጥ አስገቡ፣ ማን እንደሚደውል፣ ሰዎቹ የትኛው ትምህርት ቤት እንደሚገቡም ጻፉ።

ግንብ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ። የድጋፍ ግንብ የሚወድቀው ብዙ ጊዜ ድንጋዩ ስላነሰ ሳይሆን ከጀርባው ውሃ ስለተጠራቀመ ነው። ከ3 ሜትር ግንብ ጀርባ ውሃ እስከ አናት ከሞላ ግርጌው ላይ በካሬ ሜትር 3 ቶን ያህል ይገፋል። ግርጌው ከቁመቱ ከግማሽ እስከ ሁለት ሦስተኛ ስፋት ይኑረው። ከ75 እስከ 100 ሚሊ ሜትር የፒቪሲ ማንጠፍጠፊያ በየ1.5 እስከ 2 ሜትር ይግባ፣ ከጀርባው ጠጠር ይሞላ። ተቆጣጣሪው የሚሸወደው እዚህ ላይ ነው፦ ቧንቧው ከፊት ይታያል፣ ከጀርባው ግን ጠጠር ሳይሆን ተቆፍሮ የወጣው ጭቃ ተመልሶ ተሞልቷል። የኋላ ሙሌቱ ሳይታይ ክፍያ አይፈረም።

በሸለቆዎቹ ውስጥ የሚሠራ የድንጋይ ወይም የጋቢዮን (በሽቦ መረብ የታሰረ ድንጋይ) ክትር ርቀቱ እንዲህ ይሰላል፦ የክትሩ ቁመት ሲባዛ በ1.2፣ ሲካፈል ለሸለቆው ተዳፋት። ቁመቱ 1 ሜትር፣ ተዳፋቱ 15 ከመቶ ከሆነ በየ8 ሜትሩ ማለት ነው። በሁለቱም ጎን ቢያንስ ግማሽ ሜትር ወደ ባንኩ ይግባ፤ መካከሉ ከጎኑ ዝቅ ይበል፤ ከታች ውሃው የሚያርፍበት የድንጋይ ንጣፍ ይኑረው። ጎኑ ካልገባ ውሃው ዞሮ ባንኩን ይበላል፤ ንጣፍ ከሌለው ከሥሩ ቆፍሮ ይገለብጠዋል።

ቦዩ፦ አንድ ስሌት እስከ መጨረሻው

የከተማ ቦይ በግምት ይሠራል፤ «የላይኛው መንገድ ላይ ያለውን ያህል» ይባላል። ስሌቱ ግን ግማሽ ቀን አይፈጅም። የጎርፉ መጠን የሚገኘው የፍሰት መጠነ ክፍል (ከዘነበው ውስጥ ሳይሰርግ የሚፈሰው ድርሻ) ሲባዛ በዝናብ ጥንካሬ (ሚሊ ሜትር በሰዓት) ሲባዛ በተፋሰሱ ስፋት (ሄክታር)፣ ሲካፈል ለ360 ነው፤ መልሱ በሜትር ኩብ በሰከንድ ይወጣል።

ለምሳሌ 40 ሄክታር የሆነ፣ ግማሹ ቆርቆሮ ቤትና ኮብልስቶን፣ ግማሹ ቁልቁለት የሆነ ተፋሰስ እንውሰድ። መጠነ ክፍሉ 0.6፣ ጥንካሬው በሰዓት 60 ሚሊ ሜትር ቢሆን፦ 0.6 በ60 በ40፣ ለ360 ሲካፈል 4 ሜትር ኩብ በሰከንድ። የጥንካሬውን ቁጥር ከመንገዶች አስተዳደር የድሬኔጅ ዲዛይን ማኑዋል ውሰዱ፤ በማኑዋሉ ያሉት የጥንካሬ ኩርባዎች ካለፈው ዝናብ የተሠሩ ስለሆኑ ለወደፊቱ 20 ከመቶ ጨምሩ። 4.8 ይሆናል። የማጣጣሚያ ዕቅድ በምህንድስና ቋንቋ ሲተረጎም ይህ 20 ከመቶ ነው፤ ሌላው መግቢያ ነው።

አሁን ያለው ቦይ 1.2 በ1.2 ሜትር፣ የድንጋይ ግንብ፣ ተዳፋቱ 1 ከመቶ ቢሆን፣ የቦይ ፍሰት በሚሰላበት በማኒንግ ስሌት (ሻካራነት 0.025) አፉ ድረስ ሞልቶ የሚያስወጣው 3.1 ሜትር ኩብ ነው። አንድ ሦስተኛው ገደማ በደለልና በፌስታል ከተሞላ 2 ሜትር ኩብ ብቻ ይቀራል። 4.8ቱን ለማሳለፍ 1.5 ሜትር ስፋትና 1.4 ሜትር የውሃ ጥልቀት ያስፈልጋል (5.2 ያስወጣል)፤ ከአፉ 20 ሴንቲ ሜትር ባዶ ሲተውለት ጥልቀቱ 1.6 ይሆናል። ለ500 ሜትር ርዝመት፣ ግንቡ በአማካይ 0.5፣ ወለሉ 0.25 ሜትር ውፍረት ካለው፣ ከ1,100 ሜትር ኩብ በላይ ግንብና 2,300 ሜትር ኩብ ያህል ቁፋሮ ማለት ነው። ይህንን በቅርቡ ጨረታ ባሸነፈ ነጠላ ዋጋ አባዙት፤ ባለፈው ዓመት ዕቅድ ላይ ባለው ዋጋ አይሁን።

በጀቱ ካልበቃ ምን ይደረግ? ቦዩን ማሳነስ ሳይሆን ውሃውን መክፈል ነው መልሱ። 60 ካሬ ሜትር ቆርቆሮ ጣሪያ በዚያው ዝናብ በሰከንድ 1 ሊትር ያወርዳል፤ 1,000 ቤት 1 ሜትር ኩብ ነው፣ ማለትም የጎርፉ ሩብ። ከላይኛው ቁልቁለት የሚመጣውን በሌላ ሸለቆ ማስቀየስ ከተቻለ ደግሞ ተፋሰሱ ራሱ ያንሳል። ሌላው ሁሌ የሚረሳ ነገር ቱቦው ነው፤ 1.5 ሜትር ቦይ ተሠርቶ መንገድ ሲሻገር የድሮው 90 ሴንቲ ሜትር ቱቦ ውስጥ ከገባ ጎርፉ በዚያች አስፋልት ላይ ይወጣል። ከላይ እስከ ቦርከና ያለውን እያንዳንዱን መሻገሪያ በሰንጠረዥ አስፍሩ፤ የመስመሩ አቅም ከሁሉ የጠበበው ቱቦ አቅም ነው።

ጽዳቱ ግንቦት መጨረሻ ድረስ ይለቅ፣ ሐምሌ አጋማሽ ላይ ይደገም። የወጣው ደለል በዚያው ቀን በመኪና ይነሣ። ከቦዩ ዳር ተከምሮ የሚያድር ደለል በመጀመሪያው ዝናብ ወደነበረበት ይመለሳል፣ ለተመሳሳዩ ደለል ሁለቴ ይከፈላል።

ኮምቦልቻ ላይ የሚለየው

ሜዳው ላይ ቦይ ተዳፋት ያጣል። ከ0.3 ከመቶ በታች ሲወርድ ደለሉ ይቀመጣል፤ ፍጥነቱ በሰከንድ ከ0.6 ሜትር እንዳያንስ ሞክሩ፣ ለዚህም ወለሉ ጠፍጣፋ ሳይሆን መካከሉ ጠባብ ጉድጎድ ያለው ይሁን፤ ትንሽ ውሃ እንኳ ራሱን እያጠበ ይሄዳል። ቦርከና ሲሞላ ውሃው በቦዮቹ አፍ ወደ ከተማ ይመለሳል፤ ዝቅ ያሉት አፎች ወደ ውጭ ብቻ የሚከፈት የብረት ክዳን ያስፈልጋቸዋል። ክዳኑ ሥር ድንጋይ ከገባ ክፍት ይቀራል፣ ስለዚህ የሚያየው ሰው ይመደብለት።

ፋብሪካዎቹ ሌላ ጉዳይ ናቸው። በበጋ ወንዙ ሲያንስ የፍሳሹ ብርታት ይጨምራል። በሰከንድ 20 ሊትር ፍሳሽ 200 ሊትር በሚፈስ ወንዝ ሲገባ 11 እጥፍ ይሟሟል፤ ወንዙ ወደ 60 ከወረደ 4 እጥፍ ብቻ። ፋብሪካው ምንም ሳይለውጥ ታች ያለው የመስኖ ገበሬ የሚያጠጣው ውሃ ሦስት ጊዜ ያህል ይበረታል። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ለቁጥጥሩ መሠረት ይሆናል፤ ዕቅዱ የሚጨምረው ናሙናው ከጥር እስከ ግንቦት ባለው ዝቅተኛ ፍሰት ወቅት እንዲወሰድ ነው። ነሐሴ ላይ የተወሰደ ናሙና ሁሉንም ንጹሕ ያደርጋል።

ወባን በተመለከተ ከ2,000 ሜትር በታች ያለው በተለምዶ የወባ አካባቢ ተብሎ ይያዛል፤ ኮምቦልቻ ከመስመሩ በታች፣ ደሴ በላይ ናት። በዓይን መጠበቅ ያለበት በመካከል ያለው የሐረጎ ቁልቁለት ነው። እዚያ ባሉ ጤና ጣቢያዎች የወባ ታማሚ መዝገብ ላይ አንድ ዓምድ ይጨመር፦ «ባለፉት 30 ቀናት ወደ ቆላ ወርደዋል?» «አልወረድኩም» የሚሉት በበዙበት ቀበሌ ርጭትና አጎበር ይቅደም።

የቧንቧ ውሃ

አዲስ ጉድጓድ ከመጠየቅ በፊት የሚባክነውን ለኩ። ከተመረተው የተሸጠውን ቀንሱና ለተመረተው አካፍሉ፤ 10,000 ሜትር ኩብ ተመርቶ 6,200 ከተሸጠ 38 ከመቶ የገባበት አይታወቅም። የሌሊት ሙከራ ደግሞ ቦታውን ይጠቁማል፦ ከሌሊቱ 8 እስከ 10 ሰዓት የማጠራቀሚያውን መግቢያ ዝጉና የወለሉን መውረድ ለኩ። 10 በ10 ሜትር የሆነ ማጠራቀሚያ በሁለት ሰዓት 12 ሴንቲ ሜትር ከወረደ በሰዓት 6፣ በቀን 144 ሜትር ኩብ ነው። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ግን ይህ ያሳስታል፤ ሰው ሌሊት ሮቶውን ይሞላል። ፈረቃው በገባ በሁለተኛው ሌሊት፣ ሮቶዎቹ ከሞሉ በኋላ አድርጉት።

የጉድጓዶቹን የውሃ ወለል በወር አንዴ፣ ፓምፑ ቢያንስ 8 ሰዓት ካረፈ በኋላ ለኩ። ፓምፕ እየሠራ የተለካ ወለል ስለ ከርሰ ምድሩ ምንም አይነግርም።

ከጣሪያ ውሃ ማጠራቀምን ዕቅዶች ከመጠን በላይ ያሞግሱታል። 100 ካሬ ሜትር ጣሪያ በዓመት 1,000 ሚሊ ሜትር ዝናብ፣ 20 ከመቶው ባክኖ፣ 80 ሜትር ኩብ ይሰጣል፤ ባለ 5,000 ሊትር ሮቶ ግን በ63 ሚሊ ሜትር ዝናብ ይሞላል፣ ሐምሌ ላይ ጥቂት ቀን ነው። ለፈረቃ መሻገሪያ ይጠቅማል፤ ለየካቲት አይደርስም። ለትምህርት ቤትና ለመስጊድ፣ ለቤተ ክርስቲያን ሰፊ ጣሪያ ከ50 ሜትር ኩብ ያላነሰ ታንከር ሲሠራ ነው ወጪው የሚያዋጣው።

ችግኝ

በሄክታር 2,500 (2 በ2 ሜትር)፣ ጉድጓዱ 40 በ40 በ40 ሴንቲ ሜትር፣ ከመተከሉ አንድ ወር በፊት ይቆፈር። ወይራ፣ የሐበሻ ጥድ፣ ዋንዛ እንደ ከፍታው፤ ባሕር ዛፍ ከምንጭ በላይ አይተከል። ከብት ካልተከለከለ ሌላው ሁሉ ትርፍ ድካም ነው። ሪፖርቱ የተተከለውን ሳይሆን ከ12 ወር በኋላ የጸደቀውን ይቁጠር፦ በሄክታር አራት ቦታ 10 በ10 ሜትር ገመድ ዘርጉ፣ በእያንዳንዱ 25 መኖር አለበት፤ ከ100ው 60 ካለ 60 ከመቶ ነው።

በጀትና ወራት

የበጀት ዓመት ሐምሌ 1 ይጀምራል፣ ዝናቡም ያኔ ነው የሚበረታው፤ ይህን ካላሰባችሁ ገንዘቡ ሁሌ በተሳሳተ ወር ይመጣል። መስከረምና ጥቅምት የጉዳት ቅኝት፣ ኅዳርና ታኅሣሥ ዲዛይንና የሥራ ዝርዝር፣ ጥርና የካቲት የበጀት ጥያቄ። በጀቱ ሐምሌ ላይ ሲጸድቅ ዲዛይኑ መሳቢያ ውስጥ ዝግጁ ስለሆነ ጨረታው ነሐሴ ይወጣል፣ ውሉ ጥቅምት ይፈረማል፣ ግንባታው ከኅዳር እስከ ግንቦት ይሄዳል። የቁልቁለት ሥራ ከየካቲት በፊት ይለቅ፤ በልጉ ከገባ የተከፈተ ቁፋሮ ራሱ ናዳ ይጠራል። ዲዛይኑ በጀት ከጸደቀ በኋላ ከተጀመረ ጨረታው መጋቢት ይደርሳል፣ ክረምቱ ያልተገነባ ጉድጓድ ያገኛል።

ግንባታ ከካፒታል በጀት፣ ጽዳትና ጥገና ከመደበኛ በጀት ይያዝ። ጽዳት ካፒታል ውስጥ ከተደበቀ በዓመቱ አጋማሽ ለሌላ ፕሮጀክት ይዛወራል። ደሴ በ2009 ዓ.ም. የከተሞች ሴፍቲኔት ሲጀመር ከተመረጡት 11 ከተሞች አንዷ ነበረች፤ የዚህ ዓይነት የማኅበረሰብ ሥራ ጉልበት ለቦይ ጽዳት፣ ለክትርና ለችግኝ ይሆናል፣ ለግንብ ግን ግንበኛ ይቀጠር። በቀጠናው ውስጥ ቤት የሚነሣ ከሆነ የካሳው ግምት በአዋጅ ቁጥር 1161/2011 መሠረት ከግንባታው በፊት በበጀቱ ውስጥ ይግባ፤ ሥራዎች የሚቆሙት በዚህች መስመር ነው። ከፌደራሉ የአረንጓዴ ኢኮኖሚ ፋሲሊቲ (የገንዘብ ቋት) ድጋፍ የሚፈልግ ከተማ ጥያቄውን በክልል ቢሮ በኩል ያቀርባል፤ መረጃ፣ ካርታና ስሌት ያለው ፕሮፖዛል የሚለየውም እዚያ ነው።

ለክትትል አምስት ቁጥር ይበቃል፦ ከዝናብ በኋላ በተመረጡ ሦስት መሻገሪያዎች ላይ ውሃ የቆየበት ደቂቃ፣ የስንጥቆቹ ስፋት፣ የሚባክን ውሃ በመቶኛ፣ የ12 ወር የችግኝ ጽድቀት፣ ከሰኔ 1 በፊት የተጸዳ ቦይ በሜትር። ደሴ ላይ የተመዘገበው ደቂቃ ለኮምቦልቻ በስልክ ይነገር፤ ጎርፉ ሐረጎን ወርዶ እስኪደርስ ያለችው ጊዜ ታች ላሉት መኪና ለማንሣትና ልጆችን ከወንዝ ዳር ለመጥራት ትበቃለች።